ኬሮ፣ ኢሊኖይ፦ ሁለት ትልልቅ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ለምን ባዶ ቀረች?

የካርታ ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በኢሊኖይ ደቡባዊ ጫፍ ስላለችው ካይሮ ስለምትባል ትንሽ ከተማ አጠር ያለ የአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ካርታ ላይ ስትታይ ኦሃዮና ሚሲሲፒ የሚገናኙበት ሹል ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ ለንግድ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል ያሰኛል። የሕዝቧ ቁጥር ግን ግራ አጋባኝ። አንዱ ገጽ 15 ሺህ ይላል፣ ሌላው 10 ሺህ፣ ሌላው 5 ሺህ፣ ደግሞ 1,700 የሚልም አለ። የቱን ልያዝ? ከተማዋን ያዳከማት ጎርፍ ነው ወይስ ሌላ ነገር? በ2011 እሷን ለማዳን ሌላ ቦታ ያለ የጎርፍ መከላከያ በፈንጂ ተበጠሰ የሚባለውስ እንዴት ያለ ነገር ነው? ስሟንም በአማርኛ እንዴት እንደምጽፍ ንገሩኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

ወንዝ ዳር

ከስሟ ልጀምር። አጻጻፉ ከግብጿ ካይሮ ጋር አንድ ቢሆንም አነባበቡ ይለያል። የአካባቢው ሰው «ኬሮ» ይላታል፣ «ኬይሮ» የሚልም አለ፤ «ካይሮ» ያለ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ኬሮ ብለህ ጻፍ፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ አጻጻፉ ከግብጿ ጋር አንድ መሆኑን ጥቀስ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ቦታውን ከናይል ዴልታ ጋር አመሳስለውት ነው። ደቡብ ኢሊኖይ በጠቅላላው «ትንሿ ግብጽ» ይባላል፣ ቴብስና ካርናክ የሚባሉ መንደሮችም በዚያው አካባቢ አሉ።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከመገናኛው በኋላ ስሙን ይዞ የሚቀጥለው ሚሲሲፒ ይሁን እንጂ እዚያ ላይ ብዙውን ውሃ የሚያመጣው ኦሃዮ ነው። ኦሃዮ በአማካይ በሰከንድ 8 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ሲያፈስ የላይኛው ሚሲሲፒ 6 ሺህ ገደማ ነው። ካርቱም ላይ ዓባይና ነጭ ዓባይ ቀለማቸው ሳይቀላቀል ጎን ለጎን እንደሚሄዱት ሁሉ፣ እዚህም ቡናማው ሚሲሲፒና አረንጓዴ ቀመሱ ኦሃዮ መሐላቸው መስመር የተሰመረ መስለው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። የወንዝ ካርታ የምታነብ ከሆነ ደግሞ የማይል ቁጥሮቹ እንዳያሳስቱህ፦ የኦሃዮ ቁጥር ከፒትስበርግ ተነሥቶ እየጨመረ መጥቶ ኬሮ ላይ 981 ይሆናል፣ የላይኛው ሚሲሲፒ ደግሞ ከኬሮ 0 ብሎ ወደ ላይ ይቆጥራል። የታችኛው ሚሲሲፒ ቁጥር ኬሮ ላይ 954 ገደማ ሆኖ ወደ ባሕሩ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ቁጥር ስታይ ስሕተት አይምሰልህ።

አሁን ዋናው ስሌት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 314 ጫማ ገደማ ላይ ናት። የኬሮ የወንዝ መለኪያ ዜሮው 270.47 ጫማ ላይ ተተክሏል። ዜና ላይ «ወንዙ ኬሮ ላይ 61 ጫማ ደረሰ» ሲባል ጥልቀቱን መናገሩ አይደለም፤ ቁጥሩን ከ270.47 ጋር ትደምራለህ። በግንቦት 2011 የተመዘገበው 61.72 ነበር፤ ድምሩ 332 ይመጣል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ከጎዳናው በ18 ጫማ፣ ማለትም በአምስት ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ነበር። ጎርፍ የሚባለው ከ40 ጫማ ጀምሮ ሲሆን መከላከያው የተሠራው ለ64 ጫማ ነው። በኦሃዮ በኩል የኮንክሪት ግንብ ቆሟል፣ በሚሲሲፒ በኩል ሌቪ የሚሉት የአፈር ክምር። በሰሜን በኩል መንገዱ በሐዲዱ ሥር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከላይ የሚወርድ ግዙፍ የብረት መዝጊያ አለ፤ እሱ ሲወርድ ከተማዋ ደሴት ትሆናለች።

ቆጣሪ

የቁጥሩን ነገር ለእኔ ተወው። ያገኘሃቸው ቁጥሮች ሁሉ ውሸት ላይሆኑ ይችላሉ፣ የተለያየ ነገር ነው የሚቆጥሩት።

15 ሺህ የሚለው የ1920 ነው፤ ከዚያ በላይ ሆና አታውቅም። 5 ሺህ የሚለው የከተማዋ ሳይሆን የአሌክሳንደር ካውንቲ፣ ማለትም ከተማዋ ያለችበት አውራጃ ነው። ኬሮ የካውንቲው መቀመጫ ስለሆነች ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ በ2020 ካውንቲው 5,240፣ ከተማዋ 1,733 ሰው ነበራቸው። 10 ሺህ የሚለው ደግሞ የጆርጂያዋ ካይሮ እንደሚሆን እገምታለሁ። እሷ ሌላ ከተማ ናት፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን የተወለደባት፣ በ2020 10,179 ሰው የተቆጠረባት። ስትፈልግ ሁልጊዜ የግዛቱን ስም ጨምርበት።

የየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይኸው፦

1860 — 2,188
1870 — 6,267
1880 — 9,011
1890 — 10,324
1900 — 12,566
1910 — 14,548
1920 — 15,203
1930 — 13,532
1940 — 14,407
1950 — 12,123
1960 — 9,348
1970 — 6,277
1980 — 5,931
1990 — 4,846
2000 — 3,632
2010 — 2,831
2020 — 1,733

መቶኛውን ራስህ አስላ፣ ከጥሬ ቁጥሩ ይልቅ እሱ ነው የሚናገረው። ከ1960 እስከ 1970 ሲሶው ሄደ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ግን 5 ከመቶ ተኩል ብቻ። ከ2010 እስከ 2020 ደግሞ 39 ከመቶ ገደማ። በዚሁ ጊዜ ካውንቲው 36 ከመቶ በላይ አጥቷል፤ በመላ አሜሪካ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ በመቶኛ ትልቁ ቅናሽ ይህ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሁለት ቆጠራዎች መካከል የሚወጡት የናሙና ግምቶች ለእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ አይታመኑም። የሚጠየቀው ቤት ጥቂት ስለሆነ ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈው የስሕተት ወሰን ሰፊ ነው። የዘንድሮው ግምት ከአምናው 100 ሰው ቢበልጥ «ከተማዋ ማንሠራራት ጀመረች» ብለህ እንዳትጽፍ፤ የናሙናው መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ለሕዝብ ብዛት የአሥር ዓመቱን ቆጠራ ብቻ ተጠቀም። የገቢና የዕድሜ መረጃ ከፈለግህ ደግሞ የአምስት ዓመቱን ድምር ግምት ወስደህ የስሕተት ወሰኑን አብረህ ጻፍ።

ሐዲድ

ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፣ ምክንያቱን ግን ድልድዮቹ ላይ ፈልግ።

ኬሮ የኖረችው ዕቃ በማሸጋገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1818 ቻርተር (የመመሥረቻ ፈቃድ) አገኘች፣ ሙከራው ከሸፈ። በ1837 ሌላ ኩባንያ መጥቶ ሌቪና መሥሪያ ቤት ጀመረ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ነፍስ የዘራባት በ1850ዎቹ የደረሰላት የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ በመስከረም 1861 ጄኔራል ግራንት ዋና ሰፈሩን እዚህ አደረገ፤ በ1862 መጀመሪያ ወደ ቴነሲና ከምበርላንድ ወንዞች የገባው ጦር የተነሣውም ከዚህ ነው። ሠንጠረዡን ተመልከት፣ ከ1860 እስከ 1870 ሕዝቡ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኗል።

ባቡሩ ወንዙ ዳር ሲደርስ ያበቃል። ዕቃው ይራገፋል ወይም ፉርጎው በጀልባ ይሻገራል። ማራገፍ ማለት ተሸካሚ፣ መጋዘን፣ ሆቴል፣ መጠጥ ቤት፣ ደላላ ማለት ነው። በ1889 የኦሃዮው የባቡር ድልድይ ተከፈተ፣ ባቡሩ ሳይራገፍ ማለፍ ጀመረ። በ1905 ቴብስ ላይ የሚሲሲፒው ድልድይ ተጨመረ። በ1929 የሚሲሲፒው፣ በ1938 የኦሃዮው የመኪና ድልድይ መጣ። በመጨረሻ በ1978 ኢንተርስቴት 57 የሚባለው አውራ ጎዳና ድልድይ ከከተማዋ በላይ አልፎ ወደ ሚዙሪ ተሻገረ፣ ረጅም መንገደኛ የነበረው ሁሉ በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ «ከ1889 በኋላ 30 ዓመት አደገች እኮ» የሚል ይመጣል። እውነት ነው። እንጨት መሰንጠቂያውና የጥጥ ፍሬ ዘይት መጭመቂያው ያዟት። በዙሪያው ያለው ደን እያለቀ ሲሄድ ግን ያም ደከመ።

የዛሬውን ሁኔታ በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። ኬንታኪና ሚዙሪ ጎረቤት ግዛቶች ሆነው ሳለ በቀጥታ የሚያገናኛቸው ድልድይ የለም፤ ያለው ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሂክማን ላይ የመኪና ጀልባ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በድልድይ ለመሄድ የኢሊኖይን ጫፍ መርገጥ ግድ ነው። የጭነት መኪናው በኦሃዮው ድልድይ ይወርዳል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ በሚሲሲፒው ድልድይ ይወጣል። ሁለቱም ድልድዮች ከከተማዋ በታች ናቸው። ሦስት ግዛት የሚያገናኝ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተቀምጣ አንድም ሰው የማይቆምላት ከተማ ሌላ የት አለ?

ታሪክ አንባቢ

ሐዲድ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግማሹን ግን ዘሎታል። ድልድይ የተሠራባቸው የወንዝ ዳር ከተሞች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ የሆኑት ጥቂት ናቸው። የኬንታኪዋ ፓዱካ ከዚያው ከኦሃዮ ወንዝ ላይ ትንሽ ከፍ ብላ አለች፣ እሷ ዛሬም ከተማ ናት።

ኬሮ ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ከባርነት ያመለጡ ብዙ ጥቁሮች የሰፈሩባት ቦታ ናት። ኅዳር 11፣ 1909 ዊሊያም ጄምስ የተባለ ጥቁር በሺዎች በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ከከተማዋ እምብርት ላይ ያለ ፍርድ ተገደለ። ኢሊኖይ በ1905 ያወጣችው ሕግ እስረኛው በሕዝብ የተነጠቀበት ሸሪፍ ከሥልጣን ይነሣል ይል ነበር። ሸሪፉ ተነሣ፤ ልመለስ ብሎ ሲጠይቅ ጥቁሯ ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ ኬሮ ድረስ ሄዳ መረጃ ሰብስባ ተከራከረችው፣ ገዥውም አልመልስህም አለው። ስለ ከተማዋ ስትጽፍ ይህን ከዘለልክ ጽሑፍህ ጎዶሎ ነው።

በ1962 ወጣቶች ጥቁሮች በማይገቡበት የመዋኛ ገንዳ ጉዳይ ሰልፍ ወጡ፤ የእኩልነት ታጋዩ ጆን ሉዊስ ከሌሎች ጋር ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያሳየው የታወቀ ፎቶ የዚያ ሰሞን ነው። ገንዳው ለሁሉም ከሚከፈት ይልቅ ተዘጋ፣ ኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። በሐምሌ 1967 ሮበርት ሃንት የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን ገደለ አለ፣ ጥቁሩ ኅብረተሰብ አልተቀበለውም፣ ረብሻ ተነሣ፣ ናሽናል ጋርድ የሚባለው የግዛቱ ጦር ገባ። ነጮቹ ራሳቸውን አስታጥቀው «ነጭ ቆብ» የሚባል ቡድን አቋቋሙ። በ1969 በቄስ ቻርልስ ኮን የሚመራው ዩናይትድ ፍሮንት የተባለ የጥቁሮች ድርጅት ጥቁር ሠራተኛ ከማይቀጥሩ ሱቆች አትግዙ ብሎ አድማ ጠራ። ነጋዴዎቹ ከመቅጠር ይልቅ መዝጋትን መረጡ። የመሐል ከተማው ኮሜርሻል አቬኑ ዛሬ ባዶ ሜዳና ጥቂት ጡብ ሕንፃ የሆነበት ምክንያት በብዛት እሱ ነው።

ሐዲድ

ጥያቄ አለኝ። ግጭቱ ነው የገደላት ካልክ ከ1970 እስከ 1980 ለምን 5 ከመቶ ተኩል ብቻ ቀነሰች? አድማው የተካሄደው በዚያው ዓመታት መጀመሪያ አይደል? ደግሞም ከ1920 እስከ 1960፣ ሃንት ከመሞቱ በፊት፣ 39 ከመቶ ሄዶ ነበር።

ታሪክ አንባቢ

መጀመሪያ የሚሸሸው መውጣት የሚችለው ነው፣ እሱ ደግሞ በ1960ዎቹ ወጣ። በ1970ዎቹ የቀረው ቤት ሸጦ መሄድ የማይችለው ነው። ቤቱን ማን ይገዛዋል? ከ1920 እስከ 1960 ስላለው ያልከውን ግን እቀበላለሁ፤ ድልድዩ አዳከማት፣ ጥላቻው ከተዳከመች በኋላ የሚያነሣትን ሰው አሳጣት። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብታስቀምጠው አልከራከርህም።

ቆጣሪ

በመሐል ልግባ፣ የመጨረሻው 39 ከመቶ የራሱ ምክንያት አለው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ኤልምዉድና ማክብራይድ የሚባሉ የመንግሥት ቤቶች ለዓመታት ሳይጠገኑ ቆይተው በ2016 የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት የካውንቲውን የቤቶች አስተዳደር ተረከበ። በ2017 ቤቶቹ ይፈርሳሉ ተባለ። 185 ያህል ቤተሰብ፣ 400 ገደማ ሰው። የኪራይ ድጎማ ወረቀት ተሰጣቸው፣ ከተማው ውስጥ ግን በወረቀቱ የሚከራይ ቤት ስላልነበረ አብዛኞቹ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። 2,800 ሰው ካላት ከተማ 400 ሲወጣ ከሰባት አንድ ማለት ነው። ያለችው የምግብ መደብርም በ2015 ተዘግታ ነበር።

ወንዝ ዳር

ወደ ጎርፉ ልመልሳችሁ፣ ጠያቂው ሦስተኛ ጥያቄው ሳይመለስለት ቀረ።

ኬሮ በዘመናዊው መከላከያ ዘመን አልሰጠመችም። በ1937 ወንዙ 59.5 ደርሶ ሌቪው ያዘ። ስለዚህ «ጎርፍ አጠፋት» ብለህ አትጻፍ። የጎርፉ ጉዳት ሌላ ነው፦ ዙሪያዋ በሌቪ የታጠረ ስለሆነ መስፋፋት አትችልም፣ ወንዙ ሲሞላ የፍሳሽ መውጫዎቹ ስለሚዘጉ የዝናቡ ውሃ በፓምፕ መውጣት አለበት፣ ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸከመው ደግሞ በየዓመቱ የሚያንሰው ነዋሪ ነው።

በ2011 ያስፈራው የሌቪው አናት ላይ የሚፈስ ውሃ ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው ነበር። ሌቪው የቆመው በአሸዋ ላይ ነው። ውጭ ያለው ውሃ ከፍ ሲል በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከተማው ውስጥ እንደ ምንጭ ይፈላል። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ይታያል እንጂ አያስደነግጥም። ደፍርሶ አሸዋ ይዞ ከወጣና ዙሪያው የጉንዳን ኩይሳ መስሎ ከተከመረ ሌቪውን ከሥር እየቦረቦረው ነው። የማያውቅ ሰው ጉድጓዱን በአሸዋ ከረጢት ሊደፍነው ይሮጣል፤ ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ግፊቱ የትም አይሄድም፣ ሁለት ሜትር ዘወር ብሎ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የሚደረገው ዙሪያውን በከረጢት ማጠር ነው። ከረጢቱ እስከ አፉ አይሞላም፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ሲሞላ ስለሚተኛ እርስ በርሱ ይገጣጠማል። እንደ ጡብ እያፈራረቅህ፣ ከሥር ሰፋ ከላይ ጠበብ አድርገህ ትክባለህ። አጥሩ ውስጥ ውሃው ከፍ ሲል የራሱ ክብደት ከሥር የሚመጣውን ግፊት ይጫነዋል። አሸዋ መያዙን ትቶ ጥርት ሲል ማሳደግህን ታቆማለህ፣ ጥርት ያለው ውሃም የሚወጣበት አንድ ቦይ ትተውለታለህ። ኬሮ ውስጥ በዚያ ሰሞን የታጠረው አንዱ ምንጭ የትንሽ ኩሬ ያህል ነበር።

ፈንጂው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ የ1928ቱ ሕግ በሚዙሪ በኩል፣ በበርድስ ፖይንትና በኒው ማድሪድ መካከል፣ 130 ሺህ ኤከር ማለትም 53 ሺህ ሄክታር ገደማ እርሻ የጎርፍ ማስተንፈሻ እንዲሆን ወሰነ። በ1937 አንዴ ሠርቷል። በ2011 ሚዙሪ አይሆንም ብላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክራ ተሸነፈች፣ የኬሮ ሰው ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ፣ ግንቦት 2 ማታ ሜጀር ጄኔራል ማይክል ዋልሽ ባዘዘው መሠረት ሌቪው ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ፈሳሽ ፈንጂ ተሞልቶ ተተኮሰ። ውሃ እንዲወጣም በታችኛው ጫፍ በቀጣዮቹ ቀናት ሌላ ተተኮሰ። ኬሮ ላይ ውሃው በማግስቱ ከአንድ ጫማ በላይ ወረደ።

ይህንንም ጨምር፦ በማስተንፈሻው ውስጥ ፒንሁክ የምትባል ጥቁር ገበሬዎች የመሠረቷት መንደር ነበረች፣ በ2010 ቆጠራ 30 ሰው የነበራት። ውሃው ጨርሶ አጠፋት። ክርክሩን «የሚዙሪ እርሻ ወይስ የኬሮ ጥቁሮች» አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች እሷን ይረሷታል።

የካርታ ተማሪ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ቦታውን ሄዶ ለሚያይ ሰው አንድ አንቀጽ ልጨምር ብዬ ነው፣ ምን ምን ልጥቀስ?

ወንዝ ዳር

ፎርት ዲፋያንስ ፓርክን፤ መገናኛው ራሱ እሱ ነው፣ ከሌቪው ውጭ ነው፣ ሁለቱን ድልድዮች ግራና ቀኝ ታያለህ። ወንዙ ሲሞላ ፓርኩ ውሃ ውስጥ ነው፣ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ አንባቢህ ከመነሣቱ በፊት የኬሮን መለኪያ በኢንተርኔት ይመልከት፤ ቁጥሩ 40 ካለፈ ጉዞውን ያራዝም። ፀደይ ላይ መሙላት የተለመደ ነው፣ የአሜሪካው በጋ መጨረሻና መጸው (ከነሐሴ እስከ ኅዳር) ይሻላል።

ከተማ ውስጥ ከ1869 እስከ 1872 የተሠራው ማግኖሊያ ማነር የሚባለው የዱቄት ነጋዴ ቤት፣ በ1872 ያለቀው የድሮው ጉምሩክ ሕንፃና በ1884 የተከፈተው የሳፎርድ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ቆመዋል። የመክፈቻ ሰዓታቸው ስለሚለዋወጥ ደውሎ መሄድ ይበጃል። ነዳጅና ምግብ ፓዱካ ወይም ቻርልስተን፣ ሚዙሪ ላይ ይያዝ።

ቆጣሪ

በኦሃዮው ድልድይ የሚሄድ ሰው «አሁን የት ነኝ» ካለ ደግሞ፣ ከኬሮ ዳርቻ እንደተነሣ ኬንታኪ ገብቷል። ድንበሩ በ1792 ኬንታኪ ግዛት ስትሆን የነበረው የሰሜን ዳርቻ ዝቅተኛ የውሃ መስመር ስለሆነ ወንዙ ከሞላ ጎደል የኬንታኪ ነው። በሚሲሲፒ በኩል ግን ድንበሩ መሐል ወንዝ ላይ ነው። ካርታውን ራስህ የምትሥል ከሆነ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገህ እንዳትሥላቸው።